እትዬ ብርነሽ ያልሠራችው ግድያ

እትዬ ብርነሽ መሞቷን የሰማሁት የአንድ ሰውዬን የአጥር ክርክር እየጻፍኩ ሳለሁ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ሸጉጬ፣ እጄ ከኪቦርዱ ሳይነሳ ነው ያናገርኳቸው። «የወይዘሮ ብርነሽ ቤተሰብ ነህ?» አሉኝ ከማረሚያ ቤቱ። «ጎረቤት ነኝ» አልኩ። «ታመው ሆስፒታል ነበሩ፤ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቤተሰብ ካላቸው አስከሬኑን እንዲወስዱ ንገርልን።» ስልኩ ተዘጋ። ባለጉዳዬ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ «ምነው ቆምክ? አጥሬን አፈረሰብኝ ብለህ ጻፋ!» ይለኛል። ጻፍኩለት። አይ እኔ! ያቺን የመሰለች ሴት ሞተች ተብዬ፣ የሰው አጥር እስከ መጨረሻው ገጽ ጽፌ፣ አትሜ፣ አስፈርሜ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት።

ደንግጬ ነው እንዳልል አልደነገጥኩም። መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ? እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ነው ያሰብኩት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፤ የቀረውን ይኼን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ የያዘች ጠባብ ክፍል አለችኝ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የፍቺ ስምምነት፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊም እኔው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ሃያ ዓመት የሰው ክስ የጻፈ ሰው ሕጉን ሳይማረውም ይለምደዋል። ይኼን የምለው ለጉራ አይደለም። «አላውቅም ነበር» የምትባለዋ ምክንያት ለእኔ እንደማትሠራ እንድታውቁት ነው።

እትዬ ብርነሽ አጠና ነጋዴ ነበረች። ተራውን የሚያውቅ ሰው የወንድ ሰፈር መሆኑን ያውቃል። አይሱዙ ሙሉ ባሕር ዛፍ ይመጣል፣ ይራገፋል፣ በውፍረት በውፍረቱ ይደረደራል፣ ስድቡም እንደዚያው ነው። እሷ አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው የጀመሩትን ሥራ ተረክባ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ከወንዶቹ መሐል ቆማ ታራግፋለች። ረጅም ነበረች፤ ቀጭን፤ ጉንጯ ላይ ሁልጊዜ የባሕር ዛፍ ልጣጭ የቧጠጣት ምልክት አይጠፋም። አንዱን አጠና አንስታ ጫፉን ወደ ፊቷ ታስጠጋና፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና እስከ ወዲያኛው ጫፍ ታየዋለች። ከዚያ «ይኼ ሰክሯል» ትላለች። ጠማማ ነው ማለቷ ነው። የሰከረው ለአጥር ይሄዳል፤ ያልሰከረው ለቤት።

አንድ ቀን ከዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ፎቅ የሚያሠራ ሰው መጣ። ለመወጣጫ የሚሆን አጠና ፈልጎ ቀጫጭኑን መራረጠ።

«ለስንት ፎቅ ነው?» አለችው።

«ለአራት።»

«በዚህኛው ላይ ሰው አይቆምም። ወፍራሙን ውሰድ።»

«ምን አገባሽ አንቺ? ሽጪልኝ እንጂ!»

«እንግዲያው እዚችው ላስርልህና አንተ ውጣበት። ከቆምክ በነፃ ውሰደው።»

ተራው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ተሳድቦ ሄደ፤ ከሌላ ሰው ገዛ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች፣ «እዚያ ላይ የሚወጣው ልጅ እናት የለውም እንዴ?» እያለች።

ውሸት አይሆንላትም ነበር። ለይሉኝታ የምትባለዋ ትንሿ ውሸት እንኳ አትዋጥላትም። የሰፈራችን ተጨቃጫቂ ሽማግሌ ሞተው ለቅሶ ተቀምጠን፣ ሁሉም በየተራው «አቤት ደግነታቸው!» ሲል፣ እሷ አንገቷን ነቅንቃ «ደግስ አልነበሩም። ግን ድምፃቸው ያምር ነበር፤ ሲያንጎራጉሩ ደስ ይሉ ነበር» አለች። የሟች ሚስት ናት መጀመሪያ የሳቀችው። «እውነቷን ነው» አለች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ እንደዚያ ከልቧ ስታለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔን «ጠበቃዬ» ትለኛለች፣ ለማብሸቅ። ዐሥር ዓመት ብትበልጠኝ ነው፤ እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። አንድ ቀን ሰው ፊት እርስዎ ብላት፣ «ምን አጠፋሁ? ልትከሰኝ ነው?» ብላ አሳቀችብኝ።

ባሏ ጋሽ ሀብቴ ጣሪያ ሠሪ ነበር። እሷ የመረጠችውን አጠና እሱ ያቆመዋል። ከእሷ አጠር ይላል፤ ሲሄዱ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ነው፤ ሰፈሩ ሲስቅባቸው «እኔ ከላይ ስለምውል ነው፣ መሬት ላይ መምራት አልችልም» ይላል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰናይት። በሽታው ሲይዘው ሰናይት ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አጥንቱ ውስጥ የገባ ካንሰር ነው አሉ ሐኪሞቹ። ያ ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ የሚውል ሰውዬ በሦስት ወር ከአልጋ ወደ በረንዳ ለመውጣት የሰው ትከሻ የሚፈልግ ሆነ። ሕመሙ ሲነሳበት ጩኸቱ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እትዬ ብርነሽ ሰናይትን እየጠራች እኛ ቤት ትልካታለች፤ «ሂጂ ከልጆቹ ጋር አጥኚ» ብላ።

አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጠራኝ። እሷ ተራ ላይ ናት።

«ታዴ» አለኝ፣ «አንተ ሕግ ታውቃለህ። አንድ ሰው እንደኔ ሆኖ፣ በቃኝ ብሎ ራሱን ቢያጠፋ፣ ሚስቱን ምን ያደርጓታል?»

መደንገጥ ነበረብኝ። «ተው እንጂ ጋሼ!» ብዬ መቆጣት፣ ቄሱን መጥራት፣ ሐኪሙን ‹ሕመሙ በዝቶበታል፣ ሌላ ነገር የለም ወይ?› ብሎ መለመን ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግኩ? አስረዳሁት! ሕግ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ደረቴ ይነፋል። እግሬን አነባብሬ «እንግዲህ ይለያያል» አልኩት። «መጨረሻውን ያደረገው ራሱ ከሆነ፣ እሷ ብታቀርብለት እንኳ ረዳች ነው የምትባለው። ወንጀል ነው፣ ትታሰራለች፣ ግን ግድያ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመት አያልፍም። በእጇ አፉ ውስጥ ከጨመረችው ግን ግድያ ነው። ለምኗት ቢሆን፣ ፈርሞላት ቢሆን፣ ፈቃዱ አያድናትም።»

«የመጨረሻዋ እጅ ናት ወሳኟ ማለት ነው» አለ።

«እሷ ናት» አልኩት። እንዴት አሳምሬ እንዳስረዳሁት! ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ልነግራት ሁሉ ምንም አልቀረኝ።

ጋሽ ሀብቴ የፈራው ሌላ ነገርም ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ይኖር የነበረ አንድ መካኒክ ራሱን አጥፍቶ፣ ቄሶቹ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አናደርግም ብለው፣ ደብሩም አልቀበልም ብሎ፣ ያለ ጸሎት ሌላ ቦታ ወስደን ቀብረነዋል። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ጋሽ ሀብቴ ነበር። የመካኒኩ እናት ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣችም። ጋሽ ሀብቴ መሞትም ይፈልጋል፣ ደብሩ ውስጥ ከእናቱ ጎን መቀበርም ይፈልጋል፤ ሁለቱ አይገናኙም። «ማን ያውቃል? በሽታው ገደለው ይባላል» አለኝ። መድኃኒቱን ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል የማመጣለት እኔ ነበርኩ፣ እትዬ ብርነሽ ተራውን ጥላ መሄድ ስለማትችል። የመጨረሻውን ጊዜ ለምን እንደሚፈልገው እያወቅኩ አመጣሁለት። እያወቅኩ።

እሷ እሺ አላለችም ነበር። ስንት ቀን ለምናዋለች። «ሰናይት ትምህርቷን እስክትጨርስ ታገሰኝ» ስትለው በግድግዳ ሰምቻለሁ። «አልቻልኩም ብሩ፤ አልቻልኩም» ይላታል።

ቅዳሜ ነበር፣ ምሳ ሰዓት አልፏል። ሰናይት ዓለም ባንክ አጎቷ ጋ ሄዳለች። እትዬ ብርነሽ መጥታ «ይጠራሃል» አለችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ስገባ መድኃኒቱ በኩባያ ተዘጋጅቶ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ያስቀመጠችው እሷ ናት። ካስቀመጠች በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ግንባሯን ጭቃው ላይ ደግፋ ቆመች። ኩባያውን መድፋት እችል ነበር፤ አንድ እርምጃ ነው። አላደረግኩትም።

ጋሽ ሀብቴ «ማንም እንዳይነካኝ» አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል። በሁለት እጁ ያዘው፤ ጠብታ ሳያፈስ ጠጣው። ባዶውን ወደ በርጩማው መለሰና እኔን አየኝ። «ታዴ፣ አየህ አይደል? ራሴ ነኝ። አንተ ምስክሯ ነህ።»

የጠራኝ ለዚህ ነበር። የኔን ትምህርት ተምሮ ነው። እኔ በረንዳ ላይ እግሬን አነባብሬ ያልኩትን ሁሉ አንዲት ሳያጓድል አደረገው፣ ሚስቱን ነፍሰ ገዳይ እንዳይሏት።

ማታውን አረፈ። በማግስቱ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ታላቅ ወንድሙ አቶ ግርማ ከዓለም ባንክ መጡ፤ ጓዳ ገብተው ኩባያውንና ባዶውን የመድኃኒት ዕቃ ይዘው ወጡ። «ይኼ ምንድነው? ወንድሜን ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጮኹ። ለቀስተኛው ተነሳ። የንስሐ አባታቸው እትዬ ብርነሽን ወደ ጎን ጠሯት፤ እኔ የለቀስተኛ መዝገብ ይዤ ከአጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሏት። «ራሱ ነው ያደረገው? ራሱ ከሆነ ፍትሐት ማድረግ አልችልም። ደብሩም አይቀበለውም።»

እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ «እሱ ምንም አያውቅም፣ አባ» አለች። «የሕመም ማስታገሻው መስሎት ነው። እኔ ነኝ። በእጄ ነው ያጠጣሁት።»

ለይሉኝታ እንኳ የማትዋሸው ሴት! በሕይወቷ የዋሸቻት ውሸት ያቺ ናት፤ ለእሱ መቃብር ብላ ነው። እሱ እሷን ለማዳን ያደረገውን ሁሉ በአንድ አፍ አፈረሰችው። እኔ መሐላቸው የቆምኩ፣ ሁለቱን የማውቅ፣ አንድ ሰው ነበርኩ። «ዋሽታለች፣ እኔ አይቻለሁ» ማለት ሦስት ቃል ነው። መዝገቡን አጥፌ ቆምኩ።

አቶ ግርማ ጮኹ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ፖሊስ መጣ። አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዶ ተመለሰና፣ ፍትሐቱ በሥርዓቱ ተደርጎለት ከእናቱ ጎን ተቀበረ። እሷ ጣቢያ ነበረች። ምግብ ይዤ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፍትሐቱ ተደረገ?» ነበር።

«ተደረገ።»

«ከእናቱ ጎን?»

«ከእናቱ ጎን።»

«እሰይ! ተመስገን።» እውነቴን ነው፣ ፊቷ በራ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተም ዝም በል። እኔ ገብቻለሁ፤ አንተ ምን ልታደርግ? ልጆች አሉህ» አለችኝ። «ሰናይትስ?» ብላት፣ «እኔን ትጥላ። አባቷ ወዶ ትቷት እንደሄደ ከምታውቅ እኔን ብትጠላ ይሻላል» አለች።

ዝም በል ስትለኝ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ይኼን ቃል ስጽፍ ፊቴ ይነዳል። ራሱ ነው የጠጣው ከተባለ ‹መድኃኒቱን ማን አመጣ? እያወቀ ነው?› መባሉ አይቀርም፤ ረዳት የምትባለው እሷ ብቻ አትሆንም። ግድያ ከሆነ ግን ነገሩ እሷ ላይ ያበቃል። እኔ ለእሷ ቃል የጠበቅኩ መስዬ ለራሴ ቆዳ ነው ዝም ያልኩት።

መርማሪው ጠርቶ ጠየቀኝ። «ሟች ዕቃ አንስተው መጠጣት ይችሉ ነበር?» «እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር» አልኩ። አልዋሸሁም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለት እጁ ይዞ ጨርሶ መጠጣቱን ብቻ ነው ያላልኩት። መርማሪው ጻፈና ፈረምኩ። እኔው በሙያዬ፣ የቱ ቃል ሰው እንደሚያሳስር አጥቼው ነው?

መንግሥት ያቆመላት ጠበቃ አንዲት ወጣት ልጅ ነበረች። ክፍሌ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ እናትየዋ አምናለች፤ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም» አለችኝ። «ሰውየውን እንደዚያ ስታስታምም የኖረች ሴት! አንድ ሰው እንኳ ኩባያውን የማን እጅ እንዳነሳው ያየ ቢገኝልኝ፣ ክሱ ራስን ለማጥፋት መርዳት ይሆናል። ልዩነቱ እኮ የዕድሜዋ ልዩነት ነው። እርስዎ ጎረቤት ነዎት፤ ያን ቀን የገባ የወጣ ሰው አላዩም?»

«ማንም አላየሁም» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ችሎት ላይ ለዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። እትዬ ብርነሽ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆና ወደ እኔ አንገቷን በትንሹ ነቀነቀች፣ ‹አትናገር› ብላ። እኔም እሺ አልኩ። ምን ዓይነት እሺ ነው? ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደባት።

ሰናይትን አቶ ግርማ ቢወስዷትም ከሚስታቸው ጋር አልተስማማችም፤ ዓመት ሳይሞላት እኛ ቤት መጣች። ባለቤቴ እንደ ልጇ ተቀበለቻት። ዘጠኝ ዓመት ከኔ ማዕድ በላች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እናቷን ልትጠይቅ አልሄደችም። እኔ ስንቅ ይዤ ስወጣ «ለማን ነው የምትወስደው? ለዚያች ሴት?» ትለኛለች። አንዴ እራት ላይ ባለቤቴ «እናት እኮ ናት፣ ይቅር በያት» ብትላት፣ «አባቴን አታልላ የገደለች እናት የለችኝም» ብላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ አንድ ነገር በል እንጂ ብላ። «ብይ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት ሰናይትን። ያልኩት ይኼን ነው። ማሩኝ የምለው ሰው የለኝም።

ማረሚያ ቤት ስሄድ እትዬ ብርነሽ ያው እትዬ ብርነሽ ናት። ግቢው ውስጥ ለተሠራው ዳስ የመጣውን አጠና አይታ «ግማሹ ሰክሯል» ብላ አስመልሳለች። የሚጣሉትን ታስታርቃለች፣ አዲስ የገቡትን ታጽናናለች። ለእኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፤ ሰናይት። ቁመቷ ስንት ደረሰ? ፀጉሯን ምን ተሠራች? ሒሳብ አሁንም ያስቸግራታል? እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች። ያደገችውን ልጇን በኔ አፍ ነው ያየቻት።

አሁን ወደ ከፋው ደረስኩ። ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመረቀች ጊዜ ፎቶዋን ይዤ እናቷ ጋ ሄድኩ። ከስታና ገርጥታ ነበር፤ ስታስል ትቆያለች። ፎቶውን አየችው፣ አየችው። ከዚያ «አሁን ንገራት» አለችኝ። «ትልቅ ሰው ሆናለች፤ የአባቷን ነገር ትችለዋለች። ሁሉንም ንገራትና ትምጣልኝ። አንድ ጊዜ ልያት። ያንተን ግን አትንገራት፤ ማንም አልነበረም፣ እናትሽ ነች የነገረችኝ በላት።» እኔን እስከ መጨረሻው ደበቀችኝ!

«እሺ» አልኳት።

አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲያ ዝም በል ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቴ ሁሉ አልቋል። ግን ሰናይት ትጠይቃለች። ብልህ ናት፤ ‹አንተ መቼ ሰማህ? መድኃኒቱን ማን አመጣው?› ትለኛለች። ዛሬ፣ ነገ፣ ከበዓል በኋላ፣ ሥራ ስትይዝ ስል ወራት አለፉ። እትዬ ብርነሽ ስሄድ አትጠይቀኝም፤ በሩን ነበር የምታየው፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይገባ እንደሆነ። በመጨረሻ እኔም መሄዱን አቆምኩ።

እንግዲህ ያ ስልክ በተደወለ ማግስት፣ ሰናይት ክፍሌ መጣች። ቀብሩ በነጋታው ነው። የእድራችን ልማድ ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ የምጽፈውም የማነበውም እኔ ነኝ። አቶ ግርማ አያስፈልግም ብለው ነበር፤ ባለቤቴ ናት የግድ ያለች። ሰናይት ጥቁር አልለበሰችም፣ አላለቀሰችም። አጠገቤ ተቀምጣ «ምን ልትጽፍ ነው?» አለችኝ።

«የተወለዱበትን፣ ሥራቸውን . . .»

«አባቴ ጋ ስትደርስስ? ገደለችው ብለህ ትጽፋለህ ወይስ ትዘላለህ?»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ማተሚያው ይንጣጣል። በሩ ላይ ታክሲ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» ይላል። ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣው ነገር እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ «ራሱ ነው የጠጣው» አልኩ።

«ማን ነገረህ?»

«እዚያ ነበርኩ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። በረንዳውን፣ መድኃኒቱን፣ ኩባያውን፣ ‹ምስክሯ ነህ› ያለኝን፣ ድንኳኑን፣ ችሎቱን። አላቋረጠችኝም። ‹አሁን ንገራት› ያለችኝ ጋ ስደርስ ብቻ እጇን አነሳች።

«መቼ ነው ንገራት ያለችህ?»

«ስትመረቂ።»

«ስመረቅ» አለች። «ዛሬ ስምንት ወር ነው። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠብቀኝ ነበር?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። ልይዛት ብል ተፈናጠረች። «አትንካኝ!» ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«ጻፈው።»

«ሰናይት፣ የአባትሽ መቃብር . . . ቄሱ . . .»

«አባቴን ከእናቱ ጎን የሚያነሳው የለም። እናቴ ግን ነገ ባሏን የገደለች ተብላ ልትቀበር ነው። ጻፈው!»

ጻፍኩ። የወንጀሉ የይርጋ ዘመን አልፎ እንደሆነ በልቤ ሳሰላ እንደነበር አልደብቅም፤ ያን ሰዓት እንኳ! መድኃኒቱ ጋ ስደርስ ጣቴ በራሱ ጊዜ «አንድ ጎረቤት አመጣላቸው» ብሎ ጻፈ። ሰናይት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። «ይኼ ጎረቤት ስም የለውም?»

ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

በማግስቱ ደብሩ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው አልመጣም። ከአጠና ተራ የመጡ ወዛደሮች ኮፍያቸውን አውልቀው በአንድ ወገን ቆመዋል፤ በሌላው የእድሩ ሴቶች፣ ባለቤቴም አብራ። አቶ ግርማ ራቅ ብለው። ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። ትውልዷን፣ ንግዷን፣ የሰከረ አጠና ለሰው ቤት ሸጣ እንደማታውቅ አነበብኩ፤ ከወዛደሮቹ አንዱ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ባለቤታቸው አቶ ሀብቴ መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው ጠጥተዋል፤ ወይዘሮ ብርነሽ ግን ባላቸው ፍትሐት እንዳያጡ ብለው ያልሠሩትን ግድያ በራሳቸው ላይ ተናገሩ» የሚለው ላይ ስደርስ አቶ ግርማ ቀና አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። ሴቶቹ መሐል ጉምጉምታ ተነሳ። እኔ ቀጠልኩ። «መድኃኒቱን እያወቀ ያመጣው፣ ቆሞ ያየው፣ ኋላም ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤትና ከልጃቸው የደበቀው . . .» አልኩ። ስሜን አጉረምርሜ አለፍኩትና ወደሚቀጥለው መስመር ተሻገርኩ።

«ጋሽ ታደለ» አለች ሰናይት። ከሳጥኑ ራስጌ ናት፤ አልጮኸችም።

«ስሙ አልተሰማም። ድገመው።»

ደገምኩት።